ዘንዶውን ማን ቀድሞ ገደለው

ሰሞኑን ላሊበላ ውስጥ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ምች አልመታኝም፤ ትራስም አላጣመመኝም። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ያዩኝ አንድ አባት «ልጄ፣ ምን ሁነህ ነው በጆሮህ የምትሳለመው?» ብለው ቢጠይቁኝ ለእሳቸው እንኳ እውነቱን መናገር አቅቶኛል። አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነ ሰው «አባ፣ ዘንዶ ስገድል ነው» ብሎ በየትኛው አፉ ይናገራል? ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁም ስለተበደልኩ ነው።

የበደለኝ አባተ ነው። አባተ አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ሥራው አስጎብኚነት ሲሆን፣ በዚህ ከተማ ካሉት አስጎብኚዎች መካከል ያየውንም ያላየውንም እንደ እሱ በእኩል እርግጠኝነት የሚተርክ የለም። ምላሱ ለሙያው የተሰጠች ናት። ቅሬታዬ ከሥራ ሰዓት ውጭም አለማረፏ ነው።

ሁለታችንም ዘጠነኛ ክፍልን የተማርነው ወልድያ፣ የአባተ አክስት ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን እየተኛን ነው። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ከረንቡላ ቤት ነበረ። ከከረንቡላው ጀርባ ጥጉን ይዞ ቁም ሣጥን የሚያህል የጌም ማሽን ቆሞ ነበር። ሳንቲም ሲጎርስ ይበራና አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከታች ብቅ ትላለች። ከላይ ጢንዚዛ የሚመስሉ ነገሮች ይወርዱባታል፤ እሷ እየተኮሰች ወደ ላይ ትወጣለች። በየደረጃው መጨረሻ አንድ ትልቅ አውሬ ይጠብቃታል። የመጨረሻው፣ የአሥራ ስድስተኛው ደረጃ አውሬ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ነው። በዚያ ዘመን ዘንዶውን ገድሎ ጨዋታውን ጨረሰ የሚባል ሰው በወልድያ ሁለት ብቻ ነበር፤ እኔና አባተ።

እኔ የጨረስኩት ረቡዕ ነው። አባተ ሐሙስ ነው። ይህን ስናገር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሱ ደግሞ በዚያው ልክ «ማክሰኞ ጨርሼ ስነግረው ሰምቶ ነው» ሲል ኖሯል። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ሁለታችንም ስንጨርስ አጠገባችን ሰው አልነበረም። መጨረሻውን ግን አንድ ዓይነት አድርገን ነው የምንተርከው። ዘንዶው ሲሞት ደመናው ለሁለት ይከፈታል፤ ከደመናው በላይ የወርቅ ከተማ ይታያል፤ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል፤ ከዚያ ስምህን ጻፍ ይልሃል። የምንለያየው በቀኑ ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር በማኅበራችን ቀን፣ ጠላው ሁለቴ ከዞረ በኋላ፣ አባተ ነገሩን አነሳው። ሚስቴ ትርንጎ ባለችበት፣ አማቴ በተቀመጡበት፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ይሄ ሰውዬ እኮ ዘንዶውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቴም ሳቁ። አማቴ እኔን ካወቁኝ ጀምሮ ስቀው አያውቁም፤ ልጃቸውን ስወስድ አልሳቁም፤ የልጅ ልጅ ሳሳያቸው አልሳቁም። ለዚህ ቀን አስቀምጠውት ኖሯል። ተነስቼ ወጣሁ። ጋቢዬን እዚያው ትቼ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ቤቴ ደርሼ ሲበርደኝ ነው፤ ለመመለስ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም።

ከዚያ በኋላ ከአባተ ጋር ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። እሱ በላይ በኩል ሲመጣ እኔ በታች በኩል እሄዳለሁ። ላሊበላ ደግሞ ለተኳረፈ ሰው የሚሆን ከተማ አይደለም፤ መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ያገናኛል። ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ተቆጣች።

«የልጅ አባት ሆናችሁ በጌም ትኳረፋላችሁ?» አለችኝ። «ገና ሳይደርስ ታረቁ። እኔ ከአበልጅ ጋር ተኳርፌ አልፈስክም።»

«መታረቁ ሌላ ነው» አልኳት። «መጀመሪያ እውነቱ ይውጣ።»

ይህን ስል እውነቱ በምን በኩል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ፣ የምቀበለው እንግዳ ጠፍቶ ስልኬን ስጎረጉር፣ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ያንኑ ጨዋታ በኮምፒውተር ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። አውሮፕላኗ ራሷ ናት። ድምፁም ያው ነው። ለካ የድሮ የጌም ማሽኖችን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም አለ፤ ኢሙሌተር ይባላል። ኮምፒውተሩ ኮምፒውተርነቱን ረስቶ ልክ እንደዚያ አሮጌ ሣጥን ሆኖ ይሠራል። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ባስብ ባስብ የመጣልኝ ቃል «አስመሳይ» ብቻ ነው። ስንቱ አስመሳይ ራሱን ደብቆ በሚኖርበት ዓለም ስሙን በግልጽ ተናግሮ የሚገባ በማግኘቴ መጀመሪያ አክብሬው ነበር።

ክብሩ የቆየው እስኪወርድ ድረስ ነው። ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ በሁለት ቀን እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ አወረድኩትና ከፈትኩት። ባዶ። «ምንም ጨዋታ የለም» ይለኛል። ማሽኑ ለብቻው፣ ጨዋታው ለብቻው ነው ለካ። ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ ላዘዘ ሰው ድስቱን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሽሮውን ከሌላ ሰፈር ፈልግ» እንደ ማለት አይደለም? ቢሆንም ፈለግሁ። ሌላ ሁለት ቀን ሄደ። ጨዋታውን አግኝቼ ሳስገባው ደግሞ አሥራ አንድ ፋይል ይጎድላል አለኝ። የጎደሉትንም በየስማቸው ዘረዘረልኝ፤ ስማቸው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ የመኪና ታርጋ የሚመስል ነው። ነገሩ ሲጣራ ያወረድኩት የጨዋታው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው ጨዋታ የተቀዳው ልጅ ይባላል፤ የመጀመሪያው ወላጅ ነው፤ ልጅ ያለ ወላጁ አይነሳም።

ወላጅ አምጣ ተባልኩ ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍል ፎርፌ ይህንኑ ጨዋታ ስጫወት ተይዤ ዩኒት ሊደሩ ወላጅ አምጣ ብሎኝ ነበር። ያኔ የአባተን አክስት ይዤ ሄጃለሁ። አሁን ጨዋታው ራሱ ወላጅ አምጣ ሲለኝ ማንን ይዤ እሄዳለሁ? ሆኖም ወላጁንም ከስንት ጉድጓድ ቆፍሬ አመጣሁለት። ወላጁ ደግሞ የሌላ ዓመት ቅጂ ስለሆነ ልጁን አላውቀውም አለ። ሽማግሌ ልልክባቸው ምንም አልቀረኝም። በስምንተኛው ቀን ሁለቱን የሚያግባባ ሦስተኛ ፋይል ተገኘና ጨዋታው ተነሳ።

«ሳንቲም አስገባ» ይላል። በየት? ኮምፒውተሩን ከነጠረጴዛው ዞርኩት። ሳንቲም ማለት ለካ የአምስት ቁጥርን ቁልፍ መጫን ነው። የኛ ኪቦርድ ላይ ደግሞ አምስት ቁጥር፣ አንድ እንግዳ ለስላሳ ከደፋበት ወዲህ አይሠራም። አምስት ቁጥር ክፍል የሚያርፈውን ሁሉ እኔ በፊደል ነው የምመዘግበው። መቶ ከሚሆኑ ቁልፎች የሞተው አንድ እሱ፣ የተፈለገውም አንድ እሱ። በሌላ ቁልፍ ልቀይረው ብዬ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። ሳንቲሙ በሌላ ቁልፍ መግባት ጀመረ፤ ነገር ግን ከነካካሁት መካከል የትኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሥዕሉ በጎኑ ተኛ። ወደ ላይ ትወጣ የነበረችው አውሮፕላን ከቀኝ ወደ ግራ ትሄድ ጀመር። የነካሁትን ስለማላውቀው ልመልሰው አልቻልኩም። ላቃናው ስሞክር ጭራሽ ፍጥነቱ ጨመረና አውሮፕላኗ ተወልዳ እስክትሞት ዓይኔን እንኳ አላርገበግብም። ፍጥነቱን እንደ ምንም መለስኩት። መኝታውን ግን አልተወም።

እኔም ይሁን ብዬ አራት ከሰዓት በኋላ አንገቴን አዘንብዬ ተጫወትኩ። አንገቴ እንደዚያው ቀረ። በአምስተኛው ቀን ነቃሁና፣ እኔ ከምጣመም ራሱ ይጣመም ብዬ ስክሪኑን ከመቆሚያው አውጥቼ በጎኑ አቆምኩት።

ይህን ጊዜ እትዬ ብዙነሽ ገቡ። እትዬ ብዙነሽ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩት ግን ተናገሩት ነው። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ምን ሁኖ ነው የተኛው?»

«ሥዕሉ ተኝቶ ነው፣ እትዬ። እሱን ላቃና ብዬ ነው።»

«አንተስ ምን ሁነህ ነው የተጣመምክ?»

«እኔም እሱን ሳቃና ነው።»

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ምንም ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ ወልድያን፣ ረቡዕን፣ ማኅበሩን፣ የአማቴን ሳቅ። ከሥራ ልባረር ነው ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ሌላ ነገር ይዟቸዋል።

«የወርቅ ከተማ ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይሄንን አባተ እንግዶቼን ይምርሐነ ክርስቶስ ሲወስድ አብሬ ሄጄ መኪና ውስጥ ሲያወራላቸው ሰምቻለሁ። እኔ ከገድል ያገኘው መስሎኝ ስሰማ በልቤ አማትብ ነበር።» ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱና «ቅዳሜ ጥራው» አሉኝ። «ሰው ባለበት ተጫወቱና ይለይላችሁ። ከዚያ ወዲያ ይሄን ኮምፒውተር እንደ ሰው ታቆመዋለህ። ለገና እንግዳ እየመጣ ነው።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አባተ ብቻውን አልመጣም። ሥራ የፈታውን አስጎብኚ ሁሉ አስከትሎ፣ ለእንግዳ የሚለብሰውን ጃኬቱን ለብሶ፣ ሰላም ሳይለኝ ገባ። እትዬ ብዙነሽ ከራሳቸው ቢሮ አምስት ቁጥሩ ጤነኛ የሆነ ኪቦርድ ልከው ነበር፤ እኔም ሳንቲሙን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማን ሩቅ እንደሚደርስ ይታይ።

አባተ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሞተ። «ቁልፉ ጠጣር ነው» አለ። ደገመ፤ እዚያው ሞተ። እኔ ሦስተኛው ድረስ ሄድኩ። አራት ከሰዓት በኋላ ሙሉ የተለማመድኩትን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም። አስጎብኚዎቹ በአባተ መሳቅ ጀመሩ። እኔም አንገቴ እንደፈቀደልኝ ቀና አልኩ። በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስለ ድል ነበር የምጽፍላችሁ።

እትዬ ብዙነሽ ግን ሰለቻቸው። «እንዲህ ስትሞቱ ስትሞቱ ልንውል ነው?» አሉ። «ይሄ ሳንቲም ስንት ጊዜ ይገባል?»

«አምስትን በተጫኑ ቁጥር ነው፣ እትዬ።»

«የሞተውስ ከሞተበት ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል።»

«እንግዲያስ ከተማውን ሳላይ አልሄድም» ብለው ወንበራቸውን ስበው አጠገባችን ተቀመጡና ሌባ ጣታቸውን አምስት ቁጥር ላይ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ መሞት ትርጉም አጣ። እኔ ስሞት ይጫናሉ፤ አባተ ይቀጥላል። አባተ ሲሞት ይጫናሉ፤ እኔ እቀጥላለሁ። አምስተኛውን አለፍን፤ ሰባተኛውን አለፍን። ዘጠነኛው ላይ መብራት ሄደ። እኔና አባተ እኩል ተነፈስን። በሦስት ሳምንት ውስጥ አብረን የሠራነው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

«አለቀ በቃ» አለ አባተ እየተነሳ። «እንግዲህ ከመጀመሪያው ይጀምራል።»

አይጀምርም። አስመሳዩ የደረሱበትን ቦታ የሚይዝበት ዘዴ አለው፤ እኔው ራሴ ስምንተኛው ላይ ጉራዬን ልነዛ ብዬ ሰው ፊት አስይዤው ነበር። ጄኔሬተሩ ደግሞ ለእንግዳ ካልሆነ አይነሳም፤ ለእኔ ሬዲዮ እንኳ አስነስቶልኝ አያውቅም። እትዬ ብዙነሽ ዘበኛውን ጠርተው «አስነሳው» አሉት። ተነሳ።

አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ አባተ ዓይኑን ያሸ ጀመር። «ነገ ብንጨርሰው ምን ይመስልዎታል፣ እትዬ? ዓይኔ ደከመ።»

«እውነቱን ነው» አልኩ እኔም። «ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ እንግዲህ ከገና በኋላ ብናየው።»

«ተጫወት» አሉ እትዬ።

አሥራ ስድስተኛው ደርሰን ዘንዶው ከላይ ብቅ አለ። ሁለት ራስ ነው ያለው። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ «ሦስት አልነበረም እንዴ?» አለ።

«አንደኛው ከጀርባ ነው» አለ አባተ።

«ከጀርባ ነው፤ አይታይም» አልኩ እኔ።

እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኔ ያን ዘንዶ ከረንቡላ ቤቱ ውስጥ ሲወራለት ሰማሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ወልድያ ሳለሁ ከአሥራ ሁለተኛው ደረጃ አልፌ አላውቅም። ያን ረቡዕ ማታ አልጋ ላይ ሆነን ለአባተ «ጨረስኩት» ያልኩት ከጉራ ነው። ከዚያስ ሲለኝ «ደመናው ተከፈተ» አልኩት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። በማግስቱ አባተ መጥቶ «እኔም ጨረስኩት፤ ከደመናው በላይ ያለውን የወርቅ ከተማ አየህ?» ሲለኝ ደነገጥኩ። እኔ ስለ ከተማ አንድም ቃል አልተናገርኩም። እንግዲያው በእውነት ደርሶ አይቷል ማለት ነው። «አየሁ እንጂ» አልኩት፤ «ሕዝቡ እጁን ሲያውለበልብ።» ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በዚህ ሰውዬ ስቀና ኖሬያለሁ። ማኅበር ላይ የተናገረውም ውሸት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላቃጠለኝ ነበር።

ዘንዶውን የገደለው አባተ ነው፤ ይህን አልክድም። መግደል እንዳልፈለገ እጁ ያስታውቅ ነበር፤ ነገር ግን ዘንዶው ራሱ መጥቶ ጥይቱ ላይ ወደቀ። ፈነዳ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። እትዬ ብዙነሽ ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ደመና አልተከፈተም። ነጩ ሲጠፋ ትንሿ አውሮፕላን ከታች ብቅ አለች፤ ከላይ እነዚያው ጢንዚዛዎች መውረድ ጀመሩ። አንደኛ ደረጃ ነው።

ጨዋታው መጨረሻ የለውም። ሲያልቅ ይጀምራል፤ ያለው ነገር ይኸው ነው።

እትዬ ብዙነሽ ጣታቸውን ከአምስት ቁጥር ላይ አነሱ። «ከተማው የታለ?»

አባተ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ እኮ ቅጂ ነው፣ እትዬ። ዋናው ማሽን ላይ ነበረ።»

«ቅጂ ላይ መጨረሻውን ይቆርጡታል» አልኩ። «ማሽኑ አሁን ቢኖር ያዩት ነበር።»

«ሕዝቡ ሁሉ ሲያውለበልብ» አለ አባተ።

«ግልብጥ ብሎ» አልኩ።

እትዬ ብዙነሽ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «እኔ በዚህ በር ላይ ስንቱን አይቻለሁ» አሉ ቦርሳቸውን እያነሱ። «ክፍል ሳያስይዝ 'አስይዤ ነበር' የሚል እንግዳ ሲመጣ ፊቱ እንዲህ ነው የሚሆነው።» ከዚያ ዘበኛው ጄኔሬተሩን እንዲያጠፋ ነግረው ወጡ።

አስጎብኚዎቹ እስከ ታች መንገድ ድረስ ሲስቁ ይሰማን ነበር። እኔና አባተ ደጁ ላይ ቀረን። ሦስት ሳምንት ያልተነጋገሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጀምሩ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

«አልጨረስከውም ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልጨረስኩትም። አንተስ?»

«አሥረኛው ላይ ነው የቀረሁት።»

«ታዲያ ከተማውን ከየት አመጣኸው?»

«አንተ ደመናው ተከፈተ ስትለኝ፣ ከደመናው ወዲያ አንድ ነገር አይተህ የደበቅከኝ መሰለኝ» አለ። «ላውጣጣህ ብዬ ነው ከተማ ያልኩህ። አየሁ ስትለኝ እውነት ሆነ። እኔማ ስቀናብህ ነው የኖርኩት።»

ተናድጄ መሳደብ ነበረብኝ፤ ሳቅ ቀደመኝ። አንገቴ እያመመኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጃኬቱን አስተካክሎ፣ ማኅበር ላይ ጥዬው የወጣሁት ጋቢ ታጥቦ ሚስቱ ዘንድ እንደተቀመጠ ነገረኝ። የዚያን ዕለት ምሽት ቤታችን መጣ፤ ትርንጎም አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ እራት አቀረበች። ገናን አብረን ፈሰክን።

ታሪኩ በእርቅ አለቀ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ለገና የመጡ እንግዶች ምሳ እየበሉ ሳለ ከጀርባዬ የአባተን ድምፅ ሰማሁ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ሹካቸውን አስቀምጠው ያዳምጡታል።

«ያን ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ ጨዋታው መጨረሻ አለው ብሎ ያምን ነበር» ይላል። «አበልጄ እንኳ፣ ያ አንገቱን ያዘነበለው፣ ያምን ነበር። መጨረሻ እንደሌለው ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ያወቅሁትም በልጅነቴ ነው፤ ማክሰኞ ቀን።»

ውሸት ነው። መጨረሻ እንደሌለው ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ዘንዶውን ሲገድል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።